ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሉማሜ ገበያ

የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ በኢኮኖሚክስ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚገባ ተማሪ ገና ከጅምሩ ከሚጠብቁት ትምህርቶች አንዱ ከፍተኛ የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ቲዎሪ የሚባለው ነው። ስሙን ሰምቶ የማይደነግጥ ጥቂት ነው። መጽሐፉ ሲገለጥ ከፊደል ይልቅ የሂሳብ ምልክት ይበዛበታል፤ ሰውም በውስጡ ሸማች ወይም አምራች ተብሎ ብቻ ስለሚጠራ ስሙም አገሩም ይጠፋል። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ምልክት ገፈን ብንመለከተው፣ ትምህርቱ የሚጠይቀው ሉማሜ ገበያ ላይ እህሏን ዘርግታ የተቀመጠች እናት በየገበያው ቀን የምትጠይቀውን ነው። ያለኝ ጥቂት፣ የሚያስፈልገኝ ብዙ ነውና የቱን ላስቀድም፣ የቱን ልተው? የዛሬው ዋጋ ከየት መጣ? እኔና ነጋዴው ስንለዋወጥ ከልውውጡ የሚገኘው ጥቅም ለሁለታችን እንዴት ይከፈላል?

ይህን የመሰለውን ጥያቄ በአማርኛ ቋንቋ፣ በመጽሐፍ መልክ፣ ከሥሩ ይዘው ከመረመሩት ሰዎች ቀዳሚው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እኛ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የእኒህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው ሙት ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከኢኮኖሚክስ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ስንገናኝ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ገሚሱ፣ ይህ ቲዎሪ የባዕድ አገር ዕቃ ስለሆነ ለጎጃም ገበሬ አይረባም ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ ይህን ያልተማረ ሰው ስለ ገበያ አፉን ባይከፍት ይሻላል ይላል። የነጋድራስ ሕይወት ለሁለቱም ወገን መልስ ያለው ይመስለናል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አቅራቢያ፣ ማይ ምሻም በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በመተማ ጦርነት እሳቸውም ሞቱ። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። የከብት በሽታ ገብቶ በሬ አልቆ፣ የሚያርስ ጠፍቶ፣ ሕዝቡ በረሃብ ይረግፍ ነበር። በዚያ ጊዜ አባቱ የሞተበት ሕፃን የሚጠብቀው ምን እንደ ነበረ ማንም ሊገምተው ይችላል። ሕፃኑ ገብረ ሕይወት ግን ወደ ባሕር ዳርቻ ተወስደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። ዕድሜያቸው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆን ከጓደኞቻቸው ጋር ምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ገቡ፤ ሌሎቹ ልጆች ሲወርዱ እሳቸው ተደብቀው ቀሩና መርከቡ ይዟቸው ሄደ ተብሎ ይነገራል። የመርከቡ አዛዥም ለአንድ ባለጸጋ የኦስትርያ ቤተሰብ ሰጣቸው። በዚያም አደጉ፤ የጀርመንኛን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አወቁት፤ በኋላም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። በመርከብ የተሰወረው የወታደር ልጅ የአውሮፓን ትምህርት ከምንጩ ጠጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። እሳቸው ያደጉባት ኦስትርያ በዚያ ዘመን ለኢኮኖሚክስ ትምህርት ታላቅ ማዕከል ነበረች። የቪየናው ፕሮፌሰር ካርል ሜንገር እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዕቃ ዋጋ የሚመነጨው ከወጣበት ድካም ሳይሆን ከሰው ፍላጎትና ከዕቃው ብርቅነት መሆኑን አስረድተው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌዎን ዋልራስ በስዊዘርላንድ የገበያዎችን ሁሉ ሚዛን በሂሳብ ለማሳየት ጀመሩ። አልፍሬድ ማርሻል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 በእንግሊዝ አገር ታላቁን መጽሐፋቸውን አወጡ። ዛሬ በሁለተኛ ዲግሪ ክፍል የሚሰጠው ማይክሮ ኢኮኖሚክስ የነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ነው። በጀርመን በኩል ደግሞ ከፍሪድሪሽ ሊስት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ ይነገር ነበር፤ ኢንዱስትሪው ገና ያልጠነከረ አገር በሩን ወለል አድርጎ ቢከፍት የጠነከረው ይውጠዋል የሚል ነው። ወጣቱ ገብረ ሕይወት ያደጉት ይህ ሁሉ በሚነገርበት አየር ውስጥ ነበር። የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ግን አልያዙም፤ የተማሩት የሰውን በሽታ መመርመር ነበር። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል በኋላ ስለ አገራቸው ሲጽፉ እንደ ሐኪም፣ ምልክቱን ትተው የበሽታውን ሥር የሚፈልጉት።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አማርኛቸውን ካጠናከሩ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው ቤተ መንግሥቱ በወገንና በወገን ሲከፈል፣ ውጭ አገር የተማረ ሰው በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ መጣ። ገብረ ሕይወትም አገር ለቀው በስደት ሱዳንና ኤርትራ ኖሩ። በዚህ የስደት ዘመን የጻፉት፣ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ድርሰታቸው እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ ታተመ።

ያ ድርሰት አጭር ነው፤ ድፍረቱ ግን አጭር አይደለም። ደራሲው የቀድሞውን ዘመን ከመረመሩ በኋላ ለመጪው መንግሥት መደረግ ያለበትን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። የመንግሥት ሀብትና የንጉሡ የግል ሀብት እንዲለያይ፣ ግብር በልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ አገሪቱ የራሷ ወጥ የሆነ ገንዘብ እንዲኖራት፣ ሕግ በመጽሐፍ እንዲጻፍ፣ ሠራዊቱ በሥርዓት እንዲሠለጥን፣ ጉምሩክ እንዲስተካከል፣ የሃይማኖት ነፃነት እንዲታወጅ ይጠይቃሉ። ይህ በተጻፈበት ጊዜ በብዙ አገር ወታደሩ በገበሬው ቤት ገብቶ እየበላ የሚኖር ነበር። ገበሬውም የሚከፍለው ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ አያውቅም ነበር።

በልጅ ኢያሱ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ገቡ። የጅቡቲን ምድር ባቡር ሥራ ተቆጣጠሩ፤ በኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ያገኙት ከዚህ የንግድና የጉምሩክ ሹመት ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የገባባት፣ የኢትዮጵያ ሀብት ወደ ውጭ የሚወጣባትና የውጭው ዕቃ የሚገባባት በር ነበረች። ነጋድራስ በዚህ በር ላይ ቆመው ቆዳውና ቡናው ወደ ባሕር ሲወርድ፣ የፋብሪካው ጨርቅና ብረታ ብረት ሲወጣ በየቀኑ ተመለከቱ። ሌላው ሹም ቀረጡን ቆጥሮ ያልፍ ይሆናል። እሳቸው ግን ስንት የሰው ድካም ወጥቶ ስንት የሰው ድካም እንደ ገባ መቁጠር ጀመሩ።

በ1911 ዓ.ም. ሞቱ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ዋናው መጽሐፋቸው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። በዚሁ ዓመት አልፍሬድ ማርሻል በእንግሊዝ አገር ሰማንያ ሁለት ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ዐረፉ። አንዱ ደቀ መዛሙርትን አፍርተው፣ መጽሐፋቸውን እያሻሻሉ ስምንት ጊዜ አሳትመው ሞቱ፤ ሌላው ግን መጽሐፋቸውን ታትሞ እንኳ ሳያዩት ተቀበሩ።

መጽሐፉ የሚናገረውን እኛ በገባን መጠን ባጭሩ እንግለጽ። የሰው ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራ ግን ብቻውን ሳይሆን በዕውቀት ሲታገዝ ብዙ ያፈራል። በባዶ እጁ የሚሠራና በመሣሪያ የሚሠራ ሁለት ሰዎች እኩል ቢደክሙ ፍሬያቸው እኩል አይሆንም። እንግዲህ ዕውቀት ያለው ሕዝብና የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ፣ ያላወቀው የብዙ ቀን ድካሙን እየሰጠ የሌላውን የጥቂት ቀን ድካም ይቀበላል። እንዲህ ያለው ሕዝብ ሰንደቁ ቢውለበለብም በኑሮው የሌላው ጥገኛ ነው። በዚህ ላይ እርስ በርስ የሚዋጋና ዘራፊ የበዛበት አገር ሀብት ሊያጠራቅም አይችልም። ሀብት ካልተጠራቀመ መሣሪያ የለም፤ መሣሪያ ከሌለ ዕውቀት አይሰፋም። ስለዚህ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ብቻውን አገር አያበለጽግም፤ የሚያመርት ሕዝብ ከሌለ ሐዲዱ ጥሬውን ዕቃ ፈጥኖ የሚያወጣ ቦይ ይሆናል።

አሁን ይህን ሐሳብ ወደ ሉማሜ እናምጣውና ዛሬ በሁለተኛ ዲግሪ ክፍል በሚሰጠው ቲዎሪ እንፈትነው። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ በሉማሜ ያልፋል። አገሩ የጤፍ አገር ነው።

በመጀመሪያ ቲዎሪው ነጋድራስን ይቃወማል። ሁለት ሰዎች ወደው ከተለዋወጡ ሁለቱም ተጠቅመዋል፤ ባይጠቀሙ ኖሮ አይለዋወጡም ነበርና። ደግሞም ዋጋ በድካም ቀን አይቆጠርም ይላል። በጥንቱ የባሶ ገበያ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድም አሞሌ የሌለው ሰው የመጀመሪያዋን አሞሌ እንደ ዓይኑ ብሌን ያያታል፤ ሠላሳ አሞሌ በቤቱ ያለው ሰው ግን ሠላሳ አንደኛዋን እንደዚያ አይሳሳላትም። ለሁለቱም አሞሌ የወጣው ድካም አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ዘንድ ያላት ክብር ይለያያል። የሜንገር ትምህርት ይህን ያስረዳል፤ የነጋድራስ የድካም ሂሳብ ግን አያስረዳውም። በዚህ ነገር የዛሬው ተማሪ ከነጋድራስ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ይህን መናገርም እሳቸውን መድፈር አይደለም።

ነገር ግን ቲዎሪውን ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ከድኖ ነገሩ አበቃ ይላል። የጨረሰው ግን አንድ ገጽ ወረድ ብሎ ሌላ ነገር ያነባል። ኬኔዝ አሮውና ጄራርድ ደብሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የዋልራስን ሐሳብ በጥብቅ ሂሳብ አጸኑት። ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የምንማረው፣ ገበያ የሚደርስበት ሚዛን ተለዋዋጮቹ መጀመሪያ ይዘውት በመጡት ሀብት ላይ የቆመ መሆኑን ነው። የመነሻው ሀብት ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣል። ገበያው ማን ምን ይዞ እንደ መጣ አይፈርድም፤ ይዞ የመጣውን ብቻ ይመዝናል።

የሉማሜው ገበሬ ጤፉን ወቅቶ ሲያበቃ የግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳና የልብስ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይፈለግበታል። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው። ሁሉም በአንድ ወር ወደ ገበያ ሲወጡ ዋጋው ይወድቃል። መጋዘንና ጥሬ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ግን ገዝቶ ያስቀምጥና ክረምቱን ይጠብቃል። በዚያ ቀን ሁለቱም ወደው ተለዋውጠዋል፤ ሁለቱም ተጠቅመዋል። ሆኖም አንዱ መቆየት የሚችል፣ ሌላው መቆየት የማይችል ስለሆነ ጥቅሙ እኩል አልተከፈለም። ነጋዴውን ክፉ ሰው ማለት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ያለው ሁለቱ ይዘውት በመጡት ነገር ነው። ነጋድራስ በድሬዳዋ በር ላይ ቆመው ያዩት ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እሳቸው ያዩት በሁለት ሰዎች መካከል ሳይሆን በሁለት ሕዝቦች መካከል መሆኑ ነው። ከመጽሐፋቸው መታተም ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች በጊዜ ብዛት ከፋብሪካ ዕቃ አንጻር ዋጋቸው እየወረደ ይሄዳል ብለው በጻፉ ጊዜ የዓለም ምሁራን ሁሉ ተከራከሩበት። የሁለቱ መንገድ ከነጋድራስ ይለያል፤ የተነሡበት ጥያቄ ግን በአማርኛ ታትሞ ከቆየው ጋር ዘመድ ነው። የአማርኛውን መጽሐፍ ግን ከአገር ውጭም ሆነ በአገር ውስጥ ያነበበው ጥቂት ነው።

ይህ ነገር የመጽሐፍ ነገር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ የሉማሜ ጎረቤቶች የሆኑትን የብቸናንና የሞጣን ታሪክ እናስታውስ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ገበሬው በገቢው መጠን እንዲከፍል፣ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲያወጣ የታሰበ ነበር። በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ጥሩ ግብር ነው የሚባል ነው። የጎጃም ባለርስት ግን ገማቹ ወደ ማሳው ሲመጣ ያየው ሌላ ነገር ነው። ገቢ ለመገመት መሬት ይታያል፤ የታየ መሬት ይለካል፤ የተለካ መሬት አንድ ቀን የመንግሥት ይሆናል፤ እኔም በአባቶቼ ርስት ላይ ጭሰኛ እሆናለሁ ብሎ ፈራ። በሞጣና በብቸና ገበሬው ተነሣ፤ ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ተላከ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ከፍተኛው ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ዛሬ ለዚህ ነገር ስም አለው። አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ወገን የማያውቅ ሲሆን ጥሩ ውል እንኳ ሊፈርስ እንደሚችል ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ማለት ከጎጃሙ ዓመፅ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፉት ጽሑፍ አሳዩ፤ በ2001ም በዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የሞጣው ገበሬ አዋጁን ያወጣው ሰው በልቡ ምን እንደ ያዘ ሊያውቅ አልቻለም፤ የሚያስረዳው ሰው ስላልነበረ ከሁሉ የከፋውን ገመተ። እንዲህ መገመቱ ድንቁርና አይደለም። አታላይ የበዛበት ገበያ ውስጥ የገባ ሸማችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነጋድራስ ግብር በልክ ተወስኖ ይታወቅ ሲሉ፣ የመንግሥት ሣጥንና የንጉሡ ሣጥን ይለይ ሲሉ፣ እኛ እንደምንረዳው፣ የጠየቁት ገበሬው የሚያምነው መንግሥት ነበር። ጥሩ ሂሳብ ያለ እምነት ደም እንደሚያፈስ ብቸናና ሞጣ ምስክር ናቸው።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። ቲዎሪው የባዕድ ዕቃ ነው የሚለው ወገን፣ ነጋድራስ የባዕድ ትምህርት ጠጥተው ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ ቀደም ብለው እንደ ጻፉ ያስታውስ። ቲዎሪውን ያልተማረ ዝም ይበል የሚለው ወገን ደግሞ፣ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ያልነበራቸው ሰው ታላላቆቹ ምሁራን ዘግይተው የደረሱበትን ጥያቄ ቀድመው እንደ ጠየቁ አይርሳ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ነጋድራስ ጀርመንኛን እንደ ልባቸው ይችሉ ነበር፤ በጀርመንኛ ቢጽፉ ኖሮ በበርሊን የሚያነባቸው ባልጠፋ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሥራ፣ ስለ ልውውጥ፣ ስለ ገንዘብ የሚጻፍበት ቃል ገና ባልተበጀለት አማርኛ፣ ቃሉን እያበጁ ጻፉ። የጻፉት ለሚመለከተው ሰው ነውና።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሁለተኛ ዲግሪው ኢኮኖሚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን አንቃወምም፤ መጻሕፍቱ በዚያ ቋንቋ ናቸው፤ ሂሳቡንም ሳያላምጡ መዋጥ አይቻልም። ወደዚያ ክፍል የሚገቡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ምልክቱን አይፍሩት፤ በአቋራጭም አይለፉት። ትምህርቱን በግማሽ የተወ ሰው ወደው ከተለዋወጡ ሁለቱም ተጠቀሙ የሚለውን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ስለ መነሻው ሀብትና ስለ ተሰወረው ዕውቀት የሚናገረውን ክፍል ሳይደርስበት ይቀራል። ገበሬውን የሚጎዳው ምንም ያልተማረው ሳይሆን እንዲህ በግማሽ የተማረው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ኢኮኖሚክስ የሚማሩ አባሎቻችን በየመንፈቁ ከተማሩት ቲዎሪ አንዱን ብቻ መርጠው፣ ያለ ምልክት፣ በአማርኛ ወይም በሌላው የአገራችን ቋንቋ፣ በተወለዱበት ገበያ ምሳሌ አስረድተው አንድ ገጽ ለዚህ መጽሔት ይጻፉ። የሉማሜው ስለ ጤፍ፣ የይርጋጨፌው ስለ ቡና፣ የቦረናው ስለ ከብት ይጻፍ። በአማርኛ ሊያስረዱት ያልቻሉትን ነገር ገና አላወቁትም ማለት ነው፤ ያስረዱት ነገር ደግሞ ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት ሲገቡ ለአባትና ለእናት የሚነገር ይሆናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ብቻቸውን፣ ባጭር ዕድሜ፣ በስደትና በሹመት መካከል አንድ መጽሐፍ አስቀርተውልናል። እኛ ብዙ ነን፤ ከእያንዳንዳችን የሚጠየቀውም አንድ ገጽ ነው።